ሳቡዳና፤ እህል የማይባለው የሕንዶች የጾም ምግብ

አንባቢ ሆይ፤ «ጾም» የሚለውን ቃል ሲሰሙ በዓይነ ሕሊናዎ የሚታይዎ ምንድን ነው? ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ የሱፍ ፍትፍት፣ ተልባ፤ በአጭሩ ሥጋና ቅቤ፣ ወተትና ዕንቁላል ያልደረሰበት ገበታ እንደሚሆን አያጠራጥርም። እንግዲህ ይህንን ሥርዓት ገልብጠው ያስቡት። ቅቤ የሚፈቀድበት፣ ወተትና እርጎ የሚጠጣበት፣ ነገር ግን እንጀራ፣ ዳቦ፣ ሽሮና ምስር ፈጽሞ የማይቀመስበት ጾም አለ ቢባሉ ምን ይላሉ? «ይህማ ፍስክ ነው እንጂ ምኑ ጾም ነው!» ማለትዎ አይቀርም። ዳሩ ግን በሕንድ አገር ብዙ ሚሊዮን ሰዎች የሚጾሙት እንደዚህ ነው። የእኛ «የጾም በያይነቱ» በእነርሱ የጾም ቀን ከእንጀራው እስከ ክኩ ድረስ አንድ ጉርሻ እንኳ የማይበላ ነው።

ታዲያ እህልና ጥራጥሬ ከተከለከለ ጿሚው ምን ይበላል? ፍራፍሬ ይበላል፤ ወተት ይጠጣል፤ ድንች ይቀቅላል። በምዕራብ ሕንድ በሚገኘው በማሃራሽትራ ክፍለ ሀገርና በአካባቢው ግን እጅግ የሚወደደው የጾም ምግብ «ሳቡዳና ኪችዲ» የሚባለው ነው። ይኸውም ዕንቁ ከመሰሉ ነጫጭ ፍሬዎች፣ ከተቆላ ኦቾሎኒ፣ ከድንች፣ ከቃሪያና ከንጥር ቅቤ የሚሠራ ትኩስ ምግብ ነው። ነገሩ የወጥ ቤት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስልዎ፤ በዚህ አንድ ሳሕን ውስጥ የሃይማኖት ሕግ፣ የባሕር ንግድ፣ የዓለም ጦርነት፣ የገበሬ ኑሮና የአንዲት ደቃቅ ተባይ ታሪክ ተደባልቆ ይገኛል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የጾሙ ሥርዓት

የሂንዱዎች የበዓል አቆጣጠር ጨረቃን የሚከተል ነው። እያንዳንዱ ወር ለሁለት ይከፈላል፤ ጨረቃ እየሞላች የምትሄድበት አንድ ወገን፣ እየጎደለች የምትሄድበት ሌላ ወገን ነው። የእያንዳንዱ ወገን አሥራ አንደኛ ቀን «ኤካዳሺ» ይባላል፤ ትርጓሜውም «አሥራ አንደኛ» ማለት ነው። ስለዚህ በዓመት 24 ኤካዳሺ አለ፤ የጨረቃውን ዓመት ከፀሐይ ዓመት ጋር ለማስማማት አንድ ወር በሚጨመርበት ዓመት ደግሞ 26 ይሆናል። ይህ ቀን ቪሽኑ ለሚባለው አምላካቸው የተሰጠ ነው። ከዚህም ሌላ ለሺቫ የሚታሰበው ማሃሺቭራትሪ፣ ዘጠኝ ሌሊት የሚቆየው ናቭራትሪ፣ በዝናሙ ወራት የሚውለው የሽራቫን ወር ሰኞዎች የጾም ቀኖች ናቸው። እኛ ረቡዕንና ዓርብን እንደምናውቅ ሁሉ የሂንዱ ቤተ ሰብም የየራሱን ቀን ያውቃል፤ አንዱ ሰኞን፣ አንዱ ማክሰኞን፣ አንዱ ቅዳሜን ለይቶ ይጾማል።

በማሃራሽትራ ከኤካዳሺዎች ሁሉ የሚበልጠው በሰኔ መጨረሻ ወይም በሐምሌ የሚውለው አሻዲ ኤካዳሺ ነው። በዚያን ጊዜ ብዙ መቶ ሺህ ምእመናን ድኛኔሽዋርና ቱካራም የተባሉትን የሁለቱን ቅዱሳን ባለቅኔዎች መታሰቢያ ጫማ ይዘው፣ አንዱ ወገን ከአላንዲ፣ ሌላው ከዴሁ ተነሥተው፣ እየዘመሩ በእግራቸው ወደ ፓንዳርፑር ይወርዳሉ። መንገዱ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሦስት ሳምንት ገደማም ይፈጃል። በበዓሉ ዕለት በየቤቱም ሆነ በየመንገዱ ዳር ከምድጃ ላይ የማይጠፋው ምግብ ሳቡዳና ነው።

ጾም በሳንስክሪት ቋንቋ «ኡፓቫስ» ይባላል። የቃሉ ፍቺ «አጠገብ መቀመጥ» ነው፤ ይኸውም ሰው ከዕለት ፍላጎቱ ራቅ ብሎ ወደ አምላኩ ቀረብ የሚልበት ቀን ለማለት ነው። ይሁንና ሂንዱዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ጾም አይጾሙም። ውሃ እንኳ ሳይቀምስ የሚውል አለ፤ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ የሚበላ አለ፤ የተፈቀደውን ምግብ ሲያሻው የሚበላም አለ። በደቡብ በታሚሎች አገር ብዙ ሰው የሚተወው ሩዝን ብቻ ስለ ሆነ በጾም ቀን ከስንዴ ፍርፍር የተሠራ ምግብ ቢበላ ነውር የለበትም። በማሃራሽትራ ግን ስንዴም ሩዝም አይነካም።

የጾሙ ጽናት እስከ ምን ድረስ እንደሚሄድ ለማወቅ የማሃትማ ጋንዲን እናት የፑትሊባይን ነገር ማስታወስ ይበቃል። ጋንዲ በሕይወት ታሪካቸው መጽሐፍ እንደ ተረኩት፣ እናታቸው በአንድ የዝናም ወራት ፀሐይን ሳያዩ እህል ላለመቅመስ ተስለው ነበር። ልጆቹ ደጅ ቆመው ሰማዩን ይጠብቃሉ፤ ፀሐይ ብቅ ስትል ሮጠው ይነግሯቸዋል፤ እናቲቱ እስኪወጡ ድረስ ፀሐይዋ ተመልሳ በደመና ትሸፈናለች። እርሳቸው ግን ቅር ሳይላቸው፣ ዛሬ እንድበላ አምላክ አልፈቀደም ብለው ወደ ሥራቸው ይመለሱ ነበር።

እህል ለምን ተከለከለ? ሂንዱዎች ሲተርኩ በኤካዳሺ ቀን ኃጢአት ሁሉ ሸሽቶ በእህል ውስጥ ይደበቃል፤ በዚያን ቀን እህል የሚበላ ሰው ኃጢአትን አብሮ ይበላል ይላሉ። ስለዚህ ሩዝ፣ ስንዴ፣ በቆሎ፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ ሁሉ ይቀራል። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም ሥጋዊ ስሜትን ይቀሰቅሳሉ ተብለው ይከለከላሉ። ብዙዎች ተራውን ጨው እንኳ ትተው ከድንጋይ ተቆፍሮ በሚወጣ ጨው ያጣፍጣሉ። ፍራፍሬ፣ ሥራ ሥር፣ ወተት፣ እርጎ፣ ቅቤና ኦቾሎኒ ግን ተፈቅደዋል።

ፍሬ የሚመስለው ሥር

አሁን ወደ ሳቡዳና እንምጣ። ከሩቅ ለሚያየው ሰው ሳቡዳና እህል ይመስላል። ትንንሽ፣ ክብ፣ ነጭና ጠንካራ ነው። ነገር ግን በምድር ላይ ሳቡዳና የሚያፈራ ተክል የለም። ሳቡዳና በሰው እጅና በመኪና የተንከባለለ አሚዶ ነው፤ አሚዶውም የሚወጣው «ካሳቫ» ከሚባለው ተክል ሥር ነው። ስለዚህ በጾሙ ሕግ ከእህል ወገን አይቈጠርም፤ ከድንችና ከስኳር ድንች ጋር ይመደባል።

ስሙ ግን ከሌላ ተክል የተወረሰ ነው። በማላያና በኢንዶኔዥያ ደሴቶች ረግረግ ውስጥ የሚበቅል አንድ ዓይነት ዘንባባ አለ፤ የአገሩ ሰዎች ከግንዱ ውስጥ አሚዶ ያወጣሉ፤ እርሱንም «ሳጉ» ይሉታል። ማርኮ ፖሎ እንኳ በ13ኛው ምዕተ ዓመት በሱማትራ ከዛፍ የሚወጣ ዱቄት ማየቱን ተናግሯል። ይህ የዘንባባ አሚዶ ተንከባልሎና ደርቆ በመርከብ ወደ ሕንድ ይመጣ ነበር። ሕንዶች «ሳጉ»ን «ሳቡ» አሉት፤ «ዳና» ደግሞ ቅንጣት ወይም ፍሬ ማለት ነው። በሆድ ላይ የማይከብድ ስለ ሆነ ለበሽተኛና ለሕፃን ይሰጥ ነበር። በኋላ የዘንባባው አሚዶ ቀርቶ የካሳቫው በቦታው ሲተካ ስሙ ሳይለወጥ ቀረ።

ካሳቫ ራሱ የሕንድ ተክል አይደለም። የትውልድ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው፤ ከኮሎምቦስ ጉዞ በኋላ ፖርቱጋሎች ወደ አፍሪካና ወደ እስያ አደረሱት። አንባቢ ሆይ፤ እዚህ ላይ አንድ የሚያስደንቅ ነገር ልብ ይበሉ። በሳቡዳና ኪችዲ ሳሕን ውስጥ ያሉትን አንድ በአንድ ይቍጠሩ። ካሳቫው ከአሜሪካ ነው፤ ድንቹ ከአሜሪካ ነው፤ ኦቾሎኒው ከአሜሪካ ነው፤ ቃሪያውም ከአሜሪካ ነው። ከ1492 በፊት ከእነዚህ አንዱን ያየ ሕንዳዊ አልነበረም። በሳሕኑ ላይ ከጥንት ጀምሮ የአገሩ የሆኑት ቅቤው፣ ከሙኑና ሎሚው ናቸው። የጾሙ ሕግ ሲደነገግ ሩዝንና ምስርን በስም ጠርቶ ከለከለ፤ ገና ከውቅያኖስ ማዶ ስለ ነበሩት ተክሎች ግን ምንም አላለም። እነዚያም ሲመጡ ባልተዘጋው በር ገቡ። ዛሬ አንዲት የፑና ከተማ አያት ሳቡዳናን የጥንት የአባቶች የጾም ምግብ ነው ብትል ማንም አይከራከራትም።

ስሙም ቢሆን የሚያስቅ ነገር አለበት። «ኪችዲ» በመሠረቱ ሩዝና ክክ አንድ ላይ ተቀቅሎ የሚሠራ ገንፎ መሰል ምግብ ነው፤ ኢብን ባቱታ የተባለው የሞሮኮ ተጓዥ በ14ኛው ምዕተ ዓመት ሕንዶች ለቁርስ ከቅቤ ጋር ሲበሉት አይቶ ጽፏል። የጾሙ ኪችዲ ግን ሩዝም ክክም የለውም፤ ስሙን ብቻ ይዟል። የእኛ ሴቶች በጾም ጊዜ ያለ ዕንቁላል ከሽምብራ ዱቄት የሚሠሩትን ምግብ «የጾም ዕንቁላል» እንደሚሉት ያለ መሆኑ ነው።

ጦርነት ያቋቋመው ፋብሪካ

በደቡብ ሕንድ፣ ዛሬ ኬራላ በሚባለው አገር፣ ካሳቫ እንዲስፋፋ ከደከሙት ሰዎች አንዱ ከ1880 እስከ 1885 ትራቫንኮርን የገዙት ንጉሥ ቪሻካም ቲሩናል ናቸው። ሩዝ በጠፋ ጊዜ ድሃው የሚበላው እንዲያገኝ አስበው ተክሉን አስፋፉ። ሐሳባቸው የተገለጸው ግን ከሞቱ ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። በ1942 ጃፓኖች በርማን ሲይዙ ወደ ትራቫንኮር ይመጣ የነበረው የበርማ ሩዝ ተቋረጠ፤ በዚያን ክፉ ጊዜ ብዙ ቤተ ሰብ ነፍሱን ያቆየው በካሳቫ ነው። ዛሬም በኬራላ ካሳቫ ከዓሣ ወጥ ጋር የሠራተኛው ሕዝብ ምግብ ነው።

ያው ጦርነት ሌላም ነገር አመጣ። ከማላያና ከሲንጋፖር ይመጣ የነበረው ሳጎ በመርከብ እጦት ቀረ። በታሚል ናዱ በምትገኘው በሳሌም ከተማ ማኒካም ቼቲያር የተባሉ ነጋዴ፣ በማላያ የሳጎን አሠራር ከሚያውቁት ከፖፓትላል ሻህ ጋር ሆነው፣ በ1943 ከካሳቫ አሚዶ ሳቡዳና መሥራት ጀመሩ። የሳሌም አካባቢ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነበር፤ ካሳቫው ይበቅልበታል፤ ፀሐዩም አይጠፋም። ሥራው እየሰፋ ሄዶ በመቶ የሚቈጠሩ ፋብሪካዎች ተቋቋሙ። በ1981 ደግሞ አምራቾቹ ደላላ እንዳይበዘብዛቸው «ሳጎሰርቭ» የተባለውን የኅብረት ሥራ ማኅበር መሠረቱ፤ ምርታቸውን አከማችቶ በጨረታ የሚሸጥላቸው እርሱ ነው። በ2023 «የሳሌም ሳጎ» በሕንድ መንግሥት ዘንድ የአካባቢ ስም ጥበቃ የሚሰጠውን ማረጋገጫ አገኘ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከመሬት የተነቀለው ሥር ሳይበላሽ በፍጥነት ወደ ፋብሪካ ይመጣል። ይታጠባል፤ ይላጣል፤ በመኪና ይፈጫል። የተፈጨው በብዙ ውሃ እየታጠበ ሲጠለል ወተት የመሰለ ፈሳሽ ይወጣል። ይህ ፈሳሽ በሰፊ ገንዳ ውስጥ ለሰዓታት ይቀመጣል፤ አሚዶው ወደ ታች ሲዘቅጥ ውሃው ከላይ ይደፋል። እርጥቡ አሚዶ ተፈርፍሮ በሚወዛወዝ መኪና ላይ ሲሆን እየተንከባለለ ክብ ክብ ይሆናል፤ በወንፊትም በየመጠኑ ይለያል። ቀጥሎ ዘይት በተቀባ ትኩስ ብረት ምጣድ ላይ ጥቂት ይታመሳል። በዚህ ጊዜ የፍሬው ውጫዊ ገጽ በመጠኑ ይበስልና እንደ ቅርፊት ሆኖ ውስጡን ይይዘዋል፤ ሳቡዳና ውሃ ሲነካው ሟሙቶ ሙጫ የማይሆነው ስለዚህ ነው። በመጨረሻም በሰፊ የሲሚንቶ አደባባይ ላይ በፀሐይ ይሰጣል።

በሳሌም ሳቡዳናን የሚሠሩት ታሚሎች «ጃቫሪሲ» ብለው ይጠሩታል፤ በጣፋጭ ወተት ውስጥ ይቀቅሉታል፤ ወይም አድርቀው የሚጠበስ ቂጣ ያደርጉታል። ለጾም ብለው አይበሉትም። የሚጾምበት ሰው የሚኖረው 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በማሃራሽትራ፣ በጉጃራትና በማድያ ፕራዴሽ ነው። ስለዚህ የአንዱ አገር ገበሬ ኑሮ በሌላው አገር ሰው ጾም ላይ ተንጠልጥሏል። ሽራቫንና ናቭራትሪ ሲቃረቡ የሳሌም ገበያ ይሞቃል።

አሠራሩ

እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ለሚፈልግ አንባቢ ዘዴውን እነሆ። ለሦስት ሰው የሚበቃ መጠን ነው። አንድ ብርጭቆ ሳቡዳና፣ ግማሽ ብርጭቆ ኦቾሎኒ፣ አንድ መካከለኛ የተቀቀለ ድንች፣ ሁለት ወይም ሦስት ቃሪያ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ከሙን፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ፣ ጨው፣ ጥቂት ስኳርና ግማሽ ሎሚ ያዘጋጁ።

በመጀመሪያ ሳቡዳናው በፍሬው ላይ ያለው ዱቄት እስኪለቅ ድረስ ሁለት ሦስት ጊዜ ይታጠባል። ከዚያ ፍሬውን ለጥቂት ብቻ በሚሸፍን ውሃ ተዘፍዝፎ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ይቀመጣል፤ ወይም ያድራል። የምግቡ ዕድል የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው። ውሃው ከበዛ ይላቈጣል፤ ካነሰ መካከሉ ጠጠር ሆኖ ይቀራል። የሕንድ እናቶች የሚፈትኑት አንዲት ፍሬ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል አድርገው በመጫን ነው፤ ያለ ችግር ከተዳመጠች ደርሷል ማለት ነው።

ኦቾሎኒው ይቈላል፤ ልጣጩ ይነሣል፤ ሸክሸክ ተደርጎ ይወቀጣል። ይህ ውቃጭ ከጨውና ከስኳር ጋር በራሰው ሳቡዳና ላይ ተነስንሶ በእጅ ይደባለቃል፤ ፍሬው እርስ በርሱ እንዳይጣበቅም ይረዳል። ከዚያ ቅቤው ይሞቃል፤ ከሙኑ ይገባል፤ መንጣጣት ሲጀምር የተከተፈው ቃሪያና ድንቹ ይጨመራል። ቀጥሎ ሳቡዳናው ይገባና በለስላሳ እሳት ቀስ እየተባለ ይማሰላል። ነጩ ፍሬ እንደ መስተዋት ብርሃን የሚያሳልፍ ሲሆን በስሏል። ያን ጊዜ ወዲያው ከእሳት ማውረድ ነው፤ አልፎ ከቈየ እንደ ጎማ ይለጠጣል። ሎሚ ተጨምቆበት፣ የሚፈቅዱት ሰዎች የድንብላል ቅጠል ነስንሰውበት፣ ከእርጎ ጋር በትኩሱ ይበላል።

«ኤካዳሺ ሲሆን እጥፍ ትበላለህ»

አንባቢ እስካሁን አንድ ጥያቄ በልቡ ሳያነሣ አልቀረም። ይህን የመሰለ በቅቤ የተንጣጣ፣ በኦቾሎኒ የወዛ ምግብ እየበሉ ምኑን ጾሙት? ጥያቄው የእኛ ብቻ አይደለም። የማራቲ ተናጋሪዎች ራሳቸው «ኤካዳሺ፣ ዱፓት ካሺ» የሚል ተረት አላቸው፤ ትርጉሙም «ኤካዳሺ ሲሆን እጥፍ ትበላለህ» ማለት ነው። በዚህ ተረት እርስ በርሳቸው ይቀላለዱበታል። አንዳንዱ ሰው፣ ይልቁንም ተማሪው፣ ጾሙን የሚወድደው ለሳቡዳናው ሲል መሆኑን አይደብቅም። ሳቡዳና ቫዳ የሚባለው በዘይት የተጠበሰው ዓይነት ደግሞ ከጾም ውጭ በየምግብ ቤቱ ይሸጣል።

ሐኪሞችም የበኩላቸውን ይናገራሉ። 100 ግራም ደረቅ ሳቡዳና 350 ካሎሪ ያህል ኃይል ይሰጣል፤ የገንቢ ምግብ ወይም የፕሮቲን መጠኑ ግን አንድ ግራም እንኳ አይሞላም። ያለ ኦቾሎኒው ሲበላ አሚዶ ብቻ ነው። ኦቾሎኒ ግን ከ100 ግራሙ 25 ግራም ያህል ፕሮቲን ስላለው ሁለቱን ማጋባት የእናቶች ጥበብ ነው ማለት ይቻላል። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ባዶ ሆዱን ውሎ ብዙ ሳቡዳና ቢበላ የደሙ ስኳር በፍጥነት ሊወጣ ስለሚችል መጠንቀቅ ይገባዋል።

በእኔ አስተያየት ግን በዚህ ጾም ላይ ለመፍረድ መቸኰል አይገባም። የጾም ሕግ ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው ሰውነትን መግታት ነው፤ ሁለተኛው ቀኑን ከሌላው ቀን መለየት ነው። በየቀኑ ሩዝና ቂጣ የሚበላ ሕዝብ በወር ሁለት ቀን ከእነዚያ ሲለይ፣ በሆዱ ባይራብ እንኳ በእጁና በአፉ ቀኑን ያስታውሳል። ማታ ሳቡዳና የምትዘፈዝፍ እናት ነገ ምን ቀን እንደ ሆነ ለቤተ ሰቡ ሁሉ ተናገረች ማለት ነው። እኛም ብንሆን ባለ አሥር ዓይነት በያይነቱ ቀርቦልን «ዛሬ ጾም ነው» ስንል ማንም አይስቅብንም።

ስለ ጾሙ ቅንነት የሚያሳስበው ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም የነጋዴው ሚዛን ነው። የሳሌም ገበሬዎች አንዳንድ አምራቾች ርካሽ የበቆሎ አሚዶ ከካሳቫው ጋር ይቀላቅላሉ ብለው ለብዙ ዓመታት ሲያማርሩ ቆይተዋል፤ ፍሬውን ለማንጣት ኬሚካል የሚጨምሩም ተይዘዋል። ቅልቅሉ ገበሬውን የሥሩን ዋጋ ያሳጣዋል። በጿሚው ላይ የሚያደርሰው ግን ከገንዘብ ያልፋል። በቆሎ እህል ነው፤ ስለዚህ በቅን ልብ ኤካዳሺን የምትጾም ሴት ሳታውቀው ጾሟን ትገድፋለች። ጾም በእምነት ላይ የቆመ ነገር ነው፤ እምነቱም በአምላክ ብቻ ሳይሆን በባለ ሱቁም ላይ ነው።

ከአፍሪካ የመጣ ረዳት

በ2020 በኬራላ በካሳቫ ማሳ ላይ አንዲት አዲስ ተባይ ታየች። ዱቄት የተነሰነሰባት የምትመስል ነጭና ደቃቅ ናት፤ የተክሉን ጫፍ እየመጠጠች ቅጠሉን ታጨማድዳለች፤ ሥሩም ሳይወፍር ይቀራል። ብዙም ሳይቈይ ወደ ታሚል ናዱ ተሻግራ የሳሌምን ገበሬዎች አስጨነቀች።

አፍሪካ ይህችን ተባይ አስቀድማ ታውቃታለች። በ1973 በኮንጎ አካባቢ ታይታ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በአህጉሩ ተዛመተች፤ ካሳቫ ዋና ምግቡ ለሆነ ሕዝብ የረኃብ አደጋ ሆነች። ሳይንቲስቶች የተባይዋ የትውልድ አገር ደቡብ አሜሪካ መሆኑን ስላወቁ ጠላቷንም እዚያው ፈለጉ። በ1981 በፓራጓይ ተገኘ፤ ከጤፍ ቅንጣት ብዙ የማትበልጥ ተርብ ናት። ይህች ተርብ ዕንቁላሏን በተባይዋ ሥጋ ውስጥ ትጥላለች፤ የሚፈለፈለው ዕጭ ተባይዋን ከውስጥ በልቶ ይጨርሳታል። ሃንስ ሄረን የተባሉት የስዊስ ሳይንቲስት ናይጄሪያ ካለው ዓለም አቀፍ የትሮፒካል እርሻ ምርምር ተቋም ሆነው ተርቧ በብዙ የአፍሪካ አገሮች እንድትለቀቅ አደረጉ፤ ተባይዋም ተገታች። ለዚህም በ1995 የዓለም የምግብ ሽልማት ተሰጣቸው።

ሕንድም መድኃኒቷን ከአፍሪካ አገኘች። በ2021 ተርቧ ከዚሁ ተቋም የቤኒን ጣቢያ ወደ ሕንድ ተወሰደች፤ ተራብታም ከ2022 ጀምሮ በሳሌም አካባቢ ማሳዎች ተለቀቀች። ተክሉ ከአሜሪካ፣ ተባይዋ ከአሜሪካ፣ ተርቧም ከአሜሪካ፤ ሦስቱ በእስያ ምድር ላይ እንደ ገና ተገናኙ። በፑና ከተማ ሳቡዳናዋን የምታማስለው እናት ግን ይህን ሁሉ ማወቅ አያስፈልጋትም፤ በገበያው ዋጋ ብቻ ታውቀዋለች።

ካሳቫ በአገራችን

ካሳቫ በኢትዮጵያም እንግዳ አይደለም። በወላይታ፣ በጋሞና በጎፋ ገበሬዎች ያመርቱታል፤ አንዳንዶች «የእንጨት ቦዬ» ይሉታል። ድርቅን ይችላል፤ በደከመ መሬት ላይም ይበቅላል፤ ሌላው ሰብል ሲከዳ እርሱ ከመሬት ውስጥ ይጠብቃል። ተቀቅሎ ይበላል፤ ዱቄቱም ከጤፍ ወይም ከበቆሎ ጋር ተደባልቆ እንጀራ ይጋገርበታል። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤቶች ሒሳብና ሳይንስ ያስተማሩት ሕንዳውያን መምህራን ብዙዎቹ ከኬራላ፣ ከዚያው ከካሳቫ አገር፣ የመጡ ነበሩ።

ነገር ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። የካሳቫ ሥር፣ ይልቁንም መራራው ዓይነት፣ ሲያናይድ የሚባል መርዝ የሚያወጣ ነገር በውስጡ አለው። መላጥ፣ መፍጨት፣ በውሃ መዘፍዘፍና በፀሐይ ማድረቅ መርዙን ያስወጡታል፤ ሳቡዳናም በእነዚህ ሁሉ ደረጃዎች ስለሚያልፍ ያለ ስጋት ይበላል። በችኰላ የተዘጋጀ ሥር ግን ሌላ ነው። በ1981 በሰሜን ሞዛምቢክ ድርቅ ሆኖ ሕዝቡ መራራ ካሳቫ በደንብ ሳይዘፈዝፍ በበላ ጊዜ ከ1,000 በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት፣ እግራቸው ሽባ ሆነ። በሽታው «ኮንዞ» ይባላል፤ አንድ ጊዜ ከያዘ አይድንም። ስለዚህ ካሳቫ በሚበላበት አገር የሚያስተምር መምህር ወይም በወረዳ ጽሕፈት ቤት የሚሠራ ባለሙያ፣ የመዘፍዘፉና የማድረቁ ጊዜ እንዳያጥር ለሕዝቡ ቢያስረዳ ትልቅ ሥራ ሠራ ማለት ነው።

በመጨረሻም ለአንባቢ አንድ የወጥ ቤት ምሥጢር ላካፍል። ከሳቡዳና ኪችዲ ላይ ቅቤውን አንሥተው በቦታው የኦቾሎኒ ዘይት ቢያደርጉ፣ እርጎውንም ቢተዉት፣ ጣዕሙ ብዙ አይጓደልም። ያን ጊዜ ሳሕኑ እህልም ጥራጥሬም የለበትም፤ ሥጋም ወተትም የለበትም። አንድ የሕንድ እንግዳ በኤካዳሺ ቀን፣ ዕለቱም ዓርብ ሆኖ፣ ከቤትዎ ቢመጣ ሁለታችሁ ጾማችሁን ሳትሽሩ ከአንድ ገበታ ልትበሉ ትችላላችሁ።